ከገደል ማዶ የመጣ ምስል

አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ታንጉት በሩን ገርበብ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። የምትጠብቀው ምስል የሚመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባዶ ስክሪን ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ማየት ምን እንደሚጠቅም እሷም አታውቅም። ግን ሰው ሲወድ እንዲህ ነው፤ ሰዓቴ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሆነስ፣ እሱ ቸኩሎ ቀድሞ እንደሆነስ እያለ ራሱን ሲያምስ ይውላል። ጠዋት የለበሰችውን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ቴሌቪዥን መልሶ እንደማያይ ጠፍቷት አይደለም።

የታንጉት መንደር ወይራ አምባ ማርያም ከአርብ ገበያ ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ማዶ የተቀመጠች የካህናት መንደር ናት። ሁለቱ ማዶ ለማዶ ይተያያሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ የከተማው ቆርቆሮ ከወይራ አምባ ያብረቀርቃል። በእግር ግን ቁልቁለቱ፣ ወንዙና ዳገቱ ተደማምሮ አራት ሰዓት ይፈጃል። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ከእግር በቀር ሌላ መገናኛ የለም።

ቴሌቪዥኑን የገዙት አባቷ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ደቀ መዝሙር የሚያስተምሩ፣ ቁጣቸው ከዜማቸው የማይተናነስ ሰው ናቸው። የገናን በዓል ከላሊበላ በቀጥታ አያለሁ ብለው ያን ባለ ትልቅ ጀርባ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በአህያ አስጭነው አመጡት፤ በባትሪም ያዩት ነበር። ከዚያ ዓለም ወደ ዲጂታል ዞረና ዕቃው በአንድ ቀን ደንቆሮ ሆነ። ጨርቅ ለበሰና የመጻሕፍት ማስቀመጫ ተደረገ።

አስማረ ወደዚያ ቤት የገባው ባለፈው ጥቅምት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሊጠግን በመጣ ጊዜ ነው። አርብ ገበያ ላይ የራዲዮና የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለው። ሰው የጣለውን አሮጌ ዕቃ ማስነሳት ያመዋል፤ ሌላው ወጣት ኳስ እንደሚያመው ማለት ነው። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ቴሌቪዥኑን አየና፣ «የኔታ፣ ይህ ዕቃ አልሞተም እኮ። የሚያናግረው አጥቶ ነው እንጂ» አለ። የተናገረው ለመሪጌታ ነው፤ ዓይኑ ግን ጠላ ይዛ የቆመችው ልጃቸው ላይ ነበር። ታንጉት ጠላውን ከዋንጫው አልፋ እጁ ላይ አፈሰሰችው። ነገሩ በዚሁ ተጀመረ።

አስማረ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰሌዳ አለችው፤ ላፕቶፑ ጎን ይሰካታል። ድሮ አንድ ሕንፃ ሙሉ መሣሪያ ይሠራው የነበረውን የማሰራጨት ሥራ እሷ በፕሮግራም ብቻ ትሠራዋለች። «ሶፍትዌር ራዲዮ» ይላታል። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ራዲዮ የነበረችው የቴሌቪዥን ጣቢያ ትሆናለች። ከመጋረጃ ዘንግ ሁለት አንቴና ሠርቶ አንዱን ሱቁ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን መሪጌታ ጣሪያ ላይ አቆመና ፊት ለፊት አስተያያቸው። ሦስት ወር ሞከረ። በጥምቀት ማግስት የአርብ ገበያ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ፎቶ እነ ታንጉት ቤት ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። መሪጌታ አማተቡ። ድምፅ ግን አልመጣም፤ ፊደልም ተጽፎ ሲላክ በነጠብጣቡ እየተዋጠ አይነበብም። ስለዚህ በየአርቡ ዘጠኝ ሰዓት ፎቶ ብቻ ይመጣ ጀመር፤ ከጥቅምት የተጀመረው ደብዳቤ ደግሞ በጎረቤታቸው በእትዬ አልጣሽ መቀነት ተቋጥሮ ገበያ ይሄድ፣ ከገበያ ይመጣ ነበር።

በዐቢይ ጾም አንዱ ደብዳቤ መሪጌታ እጅ ገባ። አስማረ የማን ልጅ እንደሆነም ያን ጊዜ አጣሩ። አባቱ በሕይወት ሳለ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር።

«የቀጥቃጭ ልጅ ነው» አሉ።

«እሱ የሚጠግነው ራዲዮ ነው አባባ።»

«መበየጃ አግሎ እርሳስ ሲያቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቱ በወናፍ፣ እሱ በባትሪ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። እነሱ ቤት እህል አይቀመስም።»

«እኛ የምናርስበት ማረሻ ማን የሠራው ነው?»

 መሪጌታ ተቆጡ። ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ጠና። ዲያቆን ናትናኤል የሚባል፣ ቅስና ሊቀበል የተዘጋጀ የደህና ሰው ልጅ አለ፤ ቄስ ከመሆኑ በፊት ማግባት አለበትና ቤተሰቦቹ ታንጉትን ጠየቁ። አባቷም እስከ መጪው እሑድ ቁርጧን እንድትነግራቸው ቀን ቆረጡላት። ቴሌቪዥኑን ግን አላስወጡትም። አላየውም እያሉ አርብ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈልጉት መጽሐፍ የሚገኘው እሱ አጠገብ ነበር።

ባለፈው አርብ ደግሞ የማይረሳ ነገር ሆነ። የታንጉት እናት ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የነበራት አንድ ፎቶ በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ጠፍቷል፤ የቀረችው ፎቶው የታጠበባት ቁራጭ ፊልም ብቻ ናት። ታንጉት ያቺን ፊልም ለአስማረ ላከችለት። በዘጠኝ ሰዓት እናቷ ስክሪኑ ላይ መጣች፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ልትስቅ ትንሽ ሲቀራት። መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።  ወጥተው የግቢው ካብ ላይ ተደግፈው ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆሙ።

በማግስቱ እትዬ አልጣሽ ይህን ደብዳቤ አመጣች።

«ታንጉቴ፣ በፎቶ መነጋገር በቃኝ። በመጪው አርብ እኔ ራሴ እመጣልሻለሁ፤ እየተነቃነቅሁ፣ እየተነፈስሁ ታይኛለሽ። ብቻዬንም አይደለሁም። እናቴ አጠገቤ ትቆምና በሁለት እጇ ትመርቅሻለች። እሑድ ሽማግሌዎቼ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። አባትሽ ቢመልሷቸው ደግሞ ይመጣሉ። አንቺ ብቻ አርብን ጠብቂኝ፤ የምትወስኚውን አይተሽኝ ወስኚ።»

እንግዲህ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ያስቀየራት ይህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነጠብጣቡ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበሰበ፣ አንዴ ወደ ጎን ሸሸና ተመለሰ። ከጨለማ ግድግዳ ፊት ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ እሱ ነው። ቁመቱ፣ የግራ ትከሻው ዝቅ ማለቱ፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ታንጉት እጇን ስክሪኑ ላይ ልታደርግ ዘረጋች።

ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከእግር እስከ ራሱ ነጭ በነጭ ለብሷል። አናቱ ላይ ሳይቀር የሆነ ነጭ ነገር አለ። አጠገቡ የቆመችው ደግሞ እናቱ አይደለችም። ቀጭን፣ ወገበ ቀጥ ያለች ወጣት ናት፤ ቀሚሷ ነጭ፣ አናቷም ነጭ። ክንዱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፊታቸው በነጠብጣቡ ተውጦ አይለይም። ከኋላቸው ብዙ ሰው ይተላለፋል፤ የሚገርመው እነሱ አብዛኞቹ ጥቁር የለበሱ ነው የሚመስሉት። ሠርግ ላይ ጥቁር ይለበሳል እንዴ? ታንጉት ይህን አሰበችና ወዲያው ተወችው፤ «ሠርግ» የሚለውን ቃል ራሷ ማሰቧ ነው ያስደነገጣት።

አስማረ እጁን አነሣ። አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ያልሆነለት ይመስል መልሶ አወረደው። ልጅቷ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። እሱም ጎንበስ ብሎ አቀፋት። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ነጠብጣቡ ተመልሶ መጣና ሁለቱንም ወሰዳቸው።

ታንጉት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የምትወስኚውን አይተሽኝ ወስኚ ብሏል። አየችው። ለምን እንዲህ አደረገ? ማግባቱን ሊነግራት ከሆነ በደብዳቤ አይበቃም ነበር? ሙሽሪትን አቁሞ ማሳየት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ወይስ ጭካኔ ሳይሆን ሐቀኝነት ነው? ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ «ታንጉቴ» ያለ ሰው በስድስት ቀን ውስጥ ሙሽራ ከየት ያገኛል? እያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ እየወለደ አደከማት። ማልቀስ ፈለገች፤ በምን እንደምታለቅስ ግን አልገባትም፤ መክዳቱን አምና እንዳታለቅስ አላመነችም፣ ሳታምን እንዳታልፈው በዓይኗ አይታዋለች። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ቁጣ ይሁን ኀፍረት መለየት አቃታት።

ሲመሽ አባቷ ከጉባኤ ቤት ተመለሱ። እግራቸውን እያጠበች ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ ለእነ ናትናኤል እሺ ብላለች ይበሏቸው» አለች።

መሪጌታ እግራቸውን ከውኃው አላወጡም። የጠበቁትና የለመኑት መልስ ነው፤ ሲመጣ ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ምን አይተሽ ነው?»

«ምንም አላየሁም።»

«ዛሬ አርብ ነው።»

«አርብ ቢሆንስ አባባ? እሺ አልሁ እኮ። እሺ ካልሁ ምን ቀረ?»

በማግስቱ ማለዳ መሪጌታ ለናትናኤል ቤተሰብ ቃላቸውን ላኩ። መልእክተኛው ግቢውን አልፎ ሲሄድ ታንጉት በመስኮት አየችው። ሩጣ ልትመልሰው እግሯ ተነሣ፤ ምን ብላ እንደምትመልሰው ስታጣ ደግሞ እዚያው ቆመች። ሰውዬው ከዓይኗ ሲጠፋ አንድ ክፍል ቤት የፈረሰባት ያህል ባዶነት ተሰማት።

እትዬ አልጣሽ ከገበያ የተመለሰችው በዚያው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ አርብ ስትመሽባት እኅቷ ቤት ታድራለች። አህያዋን ሳታራግፍ ወደ እነ ታንጉት ግቢ ገባች።

«ነፍስ ይማር በሉ» አለች። «የዚያ የራዲዮ ጠጋኙ እናት ዐርፋለች። ማክሰኞ ሞታ ረቡዕ ተቀበረች። ምንም ሳያማት፣ ቁጭ ባለችበት።»

ታንጉት የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። «መቼ አልሽኝ?»

«ረቡዕ ነዋ ቀብሩ።»

«አርብ እኮ...» አለችና አፏን ያዘች።

«አርብማ ሣልስቷ ነበር። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ። እኔ ገበያዬን ሳልጨርስ ቀርቼ አልደረስሁም፤ ኀጢአት ሆነብኝ።»

«ደብዳቤ አልሰጠሽም?»

«እናቱን የቀበረ ሰው ምን ደብዳቤ ይጽፋል ልጄ?»

ታንጉት ወንፊቱን ልታነሣ አጎነበሰች። ረቡዕ ቀብር፣ አርብ ሠርግ። ይህን እብድም አያደርገውም። ምናልባት እናቱ ልትሞት ስትል «ሳልሞት ሙሽራህን ልይ» ብላ ለምናው ይሆን? እሺ፣ ታዲያ ከሞተች በኋላ ነጭ ለብሶ መቆም ምንድን ነው? ወይስ ያየችው እሱ አልነበረም? የግራ ትከሻው ግን እሱ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ልቤን ሰበረው ብላ መቀየምም አሳፈራት፤ እንዳትቀየመው ደግሞ ያቺ ልጅ ክንዱን የያዘችበት አያያዝ ከዓይኗ አልጠፋም።

መሪጌታ ከደጃፉ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ ለቅሶ እንደርሳለን» አሉ።

«እርስዎም?» አለች ታንጉት።

«እኔም።»

«እነሱ ቤት?»

«የሞተ ሰው ያለው እነሱ ቤት ነው። ሌላ የት ይደረሳል?»

እሑድ ቁልቁለቱን አባትና ልጅ ሆነው ወረዱ። መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከፊት፣ ታንጉት ከኋላ።  ወንዙን ተሻግረው ድንጋይ ላይ ሊያርፉ ሲቀመጡ መሪጌታ ድንገት ተናገሩ።

«ባለፈው አርብ ላመሰግነው ይገባኝ ነበር። እናትሽን አሳይቶኝ... ፊቷ እየጠፋብኝ ነበር እኮ። ድምፅዋን አስታውሳለሁ፤ ፊቷን ለማስታወስ ስጥር ግን የአንቺ ፊት ይመጣብኛል። ማንም አያውቅም ይህን። እሱ መለሰልኝ፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል አልወጣኝም። የቀጥቃጭ ልጅ ማመስገን ከበደኝ።»

ታንጉት የአባቷን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ትናንት ቢሆን ኖሮ በደስታ ታብድ ነበር። ዛሬ ግን የሰማችው ነገር ሌላ ሕመም ሆነባት፤ አባቷ የሚለዝቡት እሷ ቃሏን ከሰጠች፣ እሱም ሌላ ካገባ በኋላ ነው። አንዴ ልትስቅ ቃጣት፣ ወዲያው እንባዋ መጣ፣ ሁለቱንም ዋጠችው።

ድንኳኑ ከአስማረ ሱቅ ጀርባ ተተክሏል። ሲቃረቡ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወይ እናቴ!» እያሉ ገቡ፤ ታንጉትም ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ተከተለች። ለቀስተኛው ተነሣ፣ ለቅሶው ታደሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አስማረን አየችው። ጥቁር በጥቁር ለብሶ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ወጣት አለች፤ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ያው አያያዝ፣ ያው ወገብ። ልብሷ ጥቁር ነው፤ ፀጉሯ ለሐዘን ተቆርጧል፤ መልኳ ቁርጥ አስማረን ነው።

«እኅቱ አዜብ ናት» አለች አንዲት ሴት በጆሮዋ። «ከደብረ ታቦር ለቀብሩ መጥታ ነው፤ ከወንድሟ ሌላ ማን ቀራት?»

ታንጉት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኅቱ ናት። ደስታ እንደ ሙቅ ውኃ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፤ በሰው ለቅሶ መሐል ደስ ስላላት ደግሞ በራሷ አፈረች። ከዚያ የላከችው ቃል ትዝ አላትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። ነጩስ? በዓይኔ ያየሁት ነጭ ከየት መጣ?

ጥቂት ቆይቶ አስማረ ወጣ። እሷም ውኃ እንደምትፈልግ ሰው ሆና ተነሣች። ከድንኳኑ ሸራ ውጭ፣ በሱቁ ጀርባ በር አጠገብ ተገናኙ። ሰባት ወር ሙሉ የተጻጻፉ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ማን እንደሚጀምር ጠፋቸው።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አለች።

«አሜን። መምጣትሽን... አየሽኝ አይደል? አርብ ዕለት?»

«አየሁህ።»

«እናቴን አቆማለሁ ብዬሽ ነበር። ቀጠሮውን እንዳላጥፍብሽ አዜብን ይዤ ቆምሁ። ልጽፍልሽ አሰብሁ፣ ፊደሉ እንደማይነበብ አውቃለሁ። ፊደሉ ቢጠፋ ጥቁር ልብሳችን አይጠፋም፣ ታንጉት ሐዘን እንደገባብኝ ትረዳለች ብዬ...»

«ጥቁር አልነበረም።»

«እንዴት?»

«ነጭ ነበር አስማረ። ሁለታችሁም ነጭ ለብሳችሁ ነበር። ግድግዳው ጥቁር፣ ሰዉ ጥቁር፣ እናንተ ነጭ። አናታችሁ ሳይቀር ነጭ ነበር።»

አስማረ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ፀጉሩ ወሰደ። «አናታችንም?»

«አናታችሁም። እኔ ሙሽራ ናት አልሁ። ምን ልበል?»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «የእናትሽ ፊልም» አለ። «እዚያች ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው ያለው፤ ፊልም ሁሉ እንደዚያ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ጥቁሩን በነጭ ለውጥ የሚል ምልክት አለ። እሱን አድርጌ ነው እናትሽን በመልኳ ያወጣኋት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን አልነካሁትም። ማክሰኞ እናቴ... አርብ ዕለት ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አስነሣሁት፣ ምልክቱን መልሼ አላነሣሁትም። ሐዘናችንን ሠርግ አድርጌ ላክሁልሽ።»

ታንጉት ገባት። ለሦስት ቀን አንድ ላይ አልገጥም ያላት ነገር ሁሉ፣ ጥቁር የለበሱ የመሰሏት ነጠላ ለባሽ ለቀስተኞች፣ የጨለመው ግድግዳ፣ ነጩ አናት፣ በቅጽበት ቦታ ቦታውን ያዘ። ግልጽ ሲሆን ግን ከበፊቱ የባሰ ጨነቃት፤ አሁን የምትቀየመው ሰው እንኳ የላትም።

«አስማረ፣ እሺ አልሁ።»

«ለምኑ?»

«ለናትናኤል። አርብ ማታ እሺ አልሁ። አባባ ትናንት ቃል ላኩ።»

አላያትም። መሬቱን ነበር የሚያየው። ሲናገር ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ማክሰኞ እናቴን። አርብ ደግሞ አንቺን። አርብን እኮ እኔው ነኝ በእጄ...» አልጨረሰውም።

«አትበል እንዲህ! የማየውን ነው ያመንሁት፣ ምን ላድርግ? አንተን ከማመን ዓይኔን አመንሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የሁለታችንም አይደለም» አለ። «ወይም የሁለታችንም ነው። አላውቅም። አሁን ምንም አላውቅም ታንጉቴ።»

ያን ስሟን ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ለሰባት ወር በወረቀት ብቻ ነበር የምታነበው። ደስ ሊላት የሚገባው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አቆሰላት።

ሁለቱም የዘነጉት አንድ ነገር ቢኖር የድንኳን ግድግዳ ሸራ መሆኑን ነው። መሪጌታ ደግሞ የተቀመጡት ከዚያው ሸራ ጥግ ነበር።

ተመልሰው ሲገቡ ጎረቤት ያመጣው እዝን እየቀረበ ነው። አዜብ ማስታጠቢያ ይዛ ከእንግዳ እንግዳ ትዞራለች፤ መሪጌታ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ካህናቱ እነሱ ቤት እህል እንደማይቀምሱ ታውቃለች። ልታልፋቸው አንድ እርምጃ ወሰደች።

«ልጄ፣ እኔን ዘለልሽኝ» አሉ መሪጌታ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። መሪጌታ ታጠቡ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ በሉም። አንዱ ከወዲያ «መንገድ አድክሟቸው ይሆናል» ሲል ሹክ አለ። ታንጉት ግን አባቷ ቀን ሙሉ ጾመው መዋል እንደማይከብዳቸው ታውቃለች፤ መንገድ ያደከመው ሰው አበላል አልነበረም። ለለቅሶው ወግ ብለው ይሁን ለእሷ ብለው፣ ልቧ መወሰን አልቻለም። ተስፋ ለማድረግ ፈራች።

መሪጌታ ሊሰናበቱ ተነሡ። ወደ አስማረ ሄደው ቆሙ። አስማረ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ክንዱን ይዘው አቆሙት።

«እግዚአብሔር ያጥናህ። የእናትህን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልህ። ባለቤቴን ስላሳየኸኝ አላመሰገንሁህም ነበር፤ አሁን አመሰግንሃለሁ።»

«የኔታ...»

«ልጨርስ። ናትናኤል ቤት የሄደው ቃል ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ነገ እኔው ራሴ ሄጄ እመልሰዋለሁ። ማፈሩንም እኔ አፍራለሁ፤ ለዚህ ዕድሜዬ ይበቃል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ የእናትህን አርባ በወጉ አውጣ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችህ መንገዱን አያጡትም።»

አስማረ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከሆዱ የመጣ ለቅሶ ወጣው፤ ሽማግሌውን አንገታቸውን አንቆ፣ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ከማክሰኞ ጀምሮ ያልወጣለትን ነው የሚያለቅሰው ያሉ ሴቶች «ተዉት፣ ተዉት ይውጣለት፣ እናት እኮ ናት!» እያሉ ደረታቸውን ይዘው ተነሡ። ድንኳኑ ሙሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። ለእናቱ እንደሚያለቅስ ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ፤ እውነትም ለእናቱ ያለቅስ ነበር፣ ግን ለእሷ ብቻ አልነበረም።

ታንጉትም ከሴቶቹ መካከል ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች። አንድ ቀን እንኳ ስላላየቻት አማቷ ይሁን፣ ፊቷ ስለተመለሰላት እናቷ፣ ወይም አላምን ስላለችው ሰው፣ መለየት አልቻለችም። የሚከለክላት ግን አልነበረም። ለሦስት ቀን የዋጠችውን ሁሉ፣ ሐዘኑንም ደስታውንም ሳትለይ፣ በአንድ ድምፅ አወጣችው።